የግብርና መምህሩን ማን ያስተምረው?

(በማኅበራችን የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)





ከአዘጋጅ ኮሚቴው ስልክ ተደውሎ "አንተም ትንሽ ተናገር" ስባል፣ መጀመሪያ የመሰለኝ ሰው ተሳስተው እንደ ደወሉ ነው። ከእኛ ባች ዶክተር የሆነ አለ፤ ቢሮ የሚመራ አለ፤ የዶሮ እርባታ ከፍቶ ለሌላው እንጀራ የሚያበስል አለ። እኔ በጀውሃ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ11ኛ እና የ12ኛ ክፍል የግብርና መምህር ነኝ። "ስለ ምን ልናገር?" ብዬ ስጠይቅ፣ "ስለ ሥራህ" አሉኝ። እንግዲህ ስለ ሥራዬ ነው የምናገረው።

ጀውሃን ለማታውቁ መንገዱን ልንገራችሁ። ከአዲስ አበባ ተነስታችሁ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ ያስፈልጋችኋል። ጣርማበር ላይ ጉሙ ይቀበላችኋል። ዋሻውን አልፋችሁ ደብረ ሲና ስትወርዱ ጋቢው ይወልቃል። ሸዋሮቢት ስትደርሱ ደግሞ ሸሚዙም ይከብዳል። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከገብስና ከባቄላ አገር ወጥታችሁ ማሽላ፣ ጤፍ፣ ማሾና ሽንኩርት አገር ገብታችኋል ማለት ነው። ከሸዋሮቢት የደሴን መንገድ ይዛችሁ ወደ ሰሜን ጥቂት ስትጓዙ ጀውሃ ናት። ወንዙም ከተማዋም አንድ ስም ነው ያላቸው።

እኔ የመንዝ ልጅ ነኝ። በግ ስጠብቅ ነው ያደግሁት። በዩኒቨርሲቲያችንም የተማርኩት የእንስሳት ሳይንስ ነው። ማሽላን በቅርብ ያየሁት ጀውሃ ተመድቤ ከመኪና የወረድኩ ዕለት ነው። ማሾን እንዴት እንደሚዘራ የነገሩኝ ደግሞ ተማሪዎቼ ናቸው። ትምህርት ቤት ስደርስ የተቀበሉኝ ሰው መረጃዬን አገላብጠው አዩና "ግብርና ነው አይደል የተማርከው? በቃ፣ ግብርና ታስተምራለህ" አሉኝ። አልተሳሳቱም። ከውጭ ለሚያየው ሰው ግብርና አንድ ነው። እዚህ አዳራሽ ያለን ሰዎች ግን የዕፅዋት፣ የእንስሳት፣ የተፈጥሮ ሀብት፣ የግብርና ኢኮኖሚክስ፣ የገጠር ልማት እያልን በየክፍላችን ተለያይተን እንደ ወጣን እናውቃለን። የሁለተኛ ደረጃው መጽሐፍ ግን ሰብሉንም፣ እንስሳውንም፣ አፈሩንም፣ ውሃውንም በአንድ መምህር እጅ ነው የሚያስቀምጠው።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልግባ። ይህን ሳልናገር ሌላውን ብናገር ዋጋ የለውም።

በሁለተኛው ዓመቴ፣ የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ የሽንኩርት ቅጠል በደብተሩ መሀል አድርጎ አመጣ። "ቲቸር፣ ይሄ ምንድን ነው? አባቴ ጠይቅልኝ ብሎኝ ነው" አለኝ። ቅጠሉ ላይ ነጣ ያለ፣ የተቧጠጠ የሚመስል መስመር አለ። ከመስመሩ አጠገብ ደግሞ መሀሉ ወይን ጠጅ የሆነ ነጠብጣብ አለ። ያን ሳምንት የማስተምረው ስለ ተባይ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ከ60 የማያንሱ ልጆች ያዩኛል። ቅጠሉን አነሳሁና ረጋ ባለ ድምፅ "ትሪፕስ ነው፤ የተባይ መድኃኒት ይረጭ" አልኩ። ልጁ ጻፈው። ሌሎቹም ጻፉት።

አባቱ ተበድረው መድኃኒት ገዙ። አንዴ ረጩ፣ በሳምንቱ ደገሙ። በዚህ መሀል በልጉ ጣል አደረገ። ነጠብጣቡ ሰፋ፣ ቅጠሉ እየታጠፈ ወደቀ፣ ሽንኩርቱ ራስ ሳይሞላ ቀረ። የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ከሌላ ሥራ ተመልሶ ማሳውን ሲያይ ወዲያው ለየው። ሐምራዊ ነቁጥ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ነበር። ትሪፕስ አልነበረም ማለት አይደለም፣ ነበረ። እንዲያውም ትሪፕስ የቧጠጠው ቅጠል ለፈንገሱ በር ይከፍትለታል። ግን የተባይ መድኃኒት ፈንገስን አይነካም። እርጥበት ሲጨመርበት ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። እኔ ከሁለቱ አንዱን ብቻ አይቼ፣ ሁለተኛውን ሳላውቀው፣ እንደሚያውቅ ሰው ተናገርኩ።

እሑድ ቀን ቤታቸው ሄድኩ። መደብ ላይ አስቀመጡኝ፤ ቡና ተፈላ። ይቅርታ ለማለት ስጀምር አስቆሙኝ። "መምህር፣ ሰው ይሳሳታል" አሉኝ። ቡናው ሁለተኛው ሲቀዳ ግን እንዲህ አሉ፦ "ለልጁ አላውቀውም ብትለው ኖሮ እኮ፣ እኔ ሸዋሮቢት ሄጄ እጠይቅ ነበር።"

ሌላ አልጨመሩም። እኔም መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄውን ለራሴ ደጋግሜ አንስቼዋለሁ። ለምን "አላውቀውም" አላልኩም? አንዱ ምክንያት ኩራት ነው፤ እሱን አልደብቅም። ሁለተኛው ግን ሌላ ነው። "አላውቀውም፤ ጠይቄ ነገ እነግርሃለሁ" የሚል ሰው የሚጠይቀው ሰው ሊኖረው ይገባል። እኔ ማንን ልጠይቅ?

እስቲ የመምህራን ማረፊያ ክፍላችንን አስቡት። አዲስ የሒሳብ መምህር ሲመጣ ጥግ ላይ ሃያ ዓመት ያስተማሩ ጋሼ አሉ። ልጁ ጥያቄ ሲከብደው ሻይ ይዞ አጠገባቸው ይቀመጣል። የባዮሎጂውም፣ የእንግሊዝኛውም እንዲሁ ነው። የግብርና መምህር ግን ታላቅ የለውም። ብዙ ጊዜ በትምህርት ቤቱ ብቻውን ነው፤ ሁለት ቢሆኑም ሁለቱም አዲስ ናቸው።

ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ከእኛ በፊት የነበሩት ያስታውሳሉ፦ በንጉሡ ዘመን አጠቃላይ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲቋቋሙ ግብርና ከንግድ፣ ከእጅ ሥራና ከቤት አያያዝ ትምህርት ጋር ተማሪ የሚሰለፍበት መስክ ነበር። የትምህርት ቤት እርሻ ነበረ፤ ያንን የሚመራ መምህርም ነበረ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሙያውን ከቀለም ትምህርቱ ለየና ወደ ቴክኒክና ሙያ ተቋማት ወሰደው። የግብርና ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ተከፍተው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ የልማት ሠራተኞችን አሠለጠኑ። ያ ትልቅ ሥራ ነው፤ ለኔም ሽንኩርቱን የለየልኝ የዚያ ፍሬ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ግን የግብርና መምህር የሚባል ሰው ቀረ። አሁን አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ግብርናን ለተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ወደ 11ኛ እና 12ኛ ክፍል መልሶ አምጥቶታል። ትምህርቱ ተመለሰ፤ ያስተምሩት የነበሩት ታላላቆች ግን ጡረታ ወጥተዋል፣ አልፈዋልም። በመሀል አንድ ትውልድ ተዘሏል።

ስለዚህ የግብርና መምህሩን የሙያ ማሻሻያ ስናስብ የሌሎቹን መምህራን ቀድተን ብንሰጠው አይበቃውም። የሒሳብ መምህሩ በሥልጠናው ላይ የሚያገኘው ተጨማሪ ነው፤ መሠረቱ ማረፊያ ክፍሉ ውስጥ አለለት። የኛ መሠረቱ ራሱ የለም።

ሥልጠና የለም እያልኩ አይደለም። ተከታታይ የሙያ ማሻሻያ፣ በአጭሩ ተሙማ የምንለው፣ ለእያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ተመድቦለታል። እኛም እንሳተፋለን። አሳታፊ የማስተማር ዘዴ፣ ተከታታይ ምዘና፣ የትምህርት ዕቅድ አዘገጃጀት ተምሬበታለሁ፤ ጠቅሞኛል። በተለይ እንደኔ በቀጥታ ከግብርና ዲግሪ ወደ ክፍል ለገባ ሰው የማስተማር ሥነ ዘዴ ትንሽ ነገር አይደለም። ግን በ60ው ሰዓት ውስጥ ሽንኩርት የለም። ማሽላም የለም። ከኬሚስትሪ፣ ከታሪክና ከስፖርት መምህራን ጋር አንድ አዳራሽ ተቀምጠን የምንማረው ለሁላችንም የሚሆነውን ብቻ ነው። ማስታወሻችን በፋይል ይታሰራል፤ ፋይሉም ይታይልናል። ማሳው ግን ሳይታይ ይከርማል።

ታዲያ ምንድን ነው የሚጎድለን? ይህን በግምት ከመናገር ብዬ አንድ ነገር ሞከርኩ። ጌሪ ቦሪች የተባለ አሜሪካዊ የትምህርት ምሁር በ1980 እ.ኤ.አ. ያወጣው ዘዴ አለ። እስከ ዛሬ በብዙ አገር የግብርና መምህራንን የሥልጠና ፍላጎት ለማወቅ ይሠሩበታል። ሐሳቡ ቀላል ነው። መምህሩን "ምን መሠልጠን ትፈልጋለህ?" ብለህ አትጠይቀውም፤ እንዲህ ከተጠየቀ ኮምፒውተር ብሎ ይጽፍልሃል። ለእያንዳንዱ ችሎታ ሁለት ነገር ትጠይቀዋለህ፦ ይህ ለሥራህ ምን ያህል አስፈላጊ ነው? አንተስ ምን ያህል ትችለዋለህ? በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት፣ በአስፈላጊነቱ ተመዝኖ፣ የሥልጠናውን ቅደም ተከተል ይነግርሃል።

በአካባቢው ካሉ ጥቂት የሙያ ጓደኞቼ ጋር አንድ ቅዳሜ ሸዋሮቢት ተገናኘን። ሻይ ቤት ተቀምጠን ወረቀቱን ሁለት ዓምድ አድርገን ሞላን። ጥናት ነው አልላችሁም፤ የጓደኛሞች ወግ ነው። የወጣው ግን ግልጽ ነበር። የትምህርት ዕቅድ ማውጣት አስፈላጊ ነው አልን፤ እንችለዋለንም አልን፤ ክፍተቱ ጠባብ ነው። ሰፊው ክፍተት ሌላ ቦታ ነው ያለው።

አንደኛ፣ ከተማርንበት ክፍል ውጭ ያለው ይዘት። የእንስሳቱ ሰው ሰብል ይከብደዋል፤ የሰብሉ ሰው የከብት በሽታ ሲጠየቅ ይርዳል። የኢኮኖሚክሱ ሰው ደግሞ "እኔ ሁለቱንም ነኝ" ብሎ አሳቀን።

ሁለተኛ፣ ማሳ ላይ መለየት። አገዳ ቆርቁር የበላው ማሽላ ከውጭ ሲታይ ምን ይመስላል? ቢጫ የሆነው ቅጠል ናይትሮጅን አጥሮት ነው ወይስ ውሃ በዝቶበት? ይህ በሥዕል አይለመድም። ከሚያውቅ ሰው ጋር ማሳ ለማሳ እየዞሩ፣ እየተሳሳቱና እየታረሙ ነው የሚለመደው።

ሦስተኛ፣ ስሌትና ጥንቃቄ። አንድ ምሳሌ ልስጥ። የመድኃኒቱ ልጥፍ ላይ ለ1 ሄክታር 1 ሊትር በ400 ሊትር ውሃ በጥብጥ ይላል እንበል። ገበሬው ያለው የ20 ሊትር የጀርባ መርጫ ነው። ማሳው ደግሞ 1 ጥማድ፣ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው። ለአንድ መርጫ 50 ሚሊ ሊትር፣ ለጥማዱ ደግሞ 5 መርጫ፣ በድምሩ 250 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህን ስሌት 11ኛ ክፍል ያለ ልጅ በደንብ ይሠራዋል። ቤቱ ያለው መለኪያ ግን የጠርሙሱ ክዳን ነው። ክዳኑ ስንት ሚሊ ሊትር እንደሚይዝ፣ ጓንትና አፍ መሸፈኛ ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይሸጥ መቆየት እንዳለበት ማን ያሳየው? መምህሩ ራሱ መርጫ በጀርባው ተሸክሞ አያውቅም። እኔ አላውቅም ነበር።

አራተኛ፣ ያለ መሣሪያ የተግባር ትምህርት መስጠት። አንዲት አካፋ ይዘህ ስድሳ ልጅ ወደ ማሳ ስታወጣ ምን ታደርጋለህ? ይህ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፤ የሚያሠለጥነን ግን አላገኘንም።

አምስተኛ፣ ቋንቋ። ይህን ከመካከላችን አንዷ መምህርት ናት ያነሳችው። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፤ "ስትሪጋ" ይላል። ልጆቹ ቃሉን ለፈተና በቃላቸው ይይዛሉ። ቤታቸው ሲሄዱ አባታቸው ማሽላውን የጨረሰውን አቀንጭራን ይረግማሉ። ሁለቱ አንድ መሆናቸውን የሚነግራቸው መምህሩ ነው፤ እሱም የሚነግራቸው ራሱ ካወቀ ነው። በእኛ ክፍል ደግሞ በአማርኛ አፉን የፈታ አለ፣ በኦሮምኛ አፉን የፈታ አለ። የአረሙን፣ የተባዩን፣ የአፈሩን ስም በየቋንቋው የያዘ አንድ ስስ መጽሐፍ ቢኖረን ከትልቅ ፕሮጀክት ይበልጥብን ነበር።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። ከሽንኩርቱ በፊት "ተባይና በሽታ መለየት ትችላለህ?" ብትሉኝ ኖሮ ለራሴ ከአምስት አራት እሰጥ ነበር። አለማወቄን አላውቀውም ነበርና። ስለዚህ የመምህሩን ፍላጎት ከመምህሩ ብቻ አትጠይቁ። ተማሪውንም ጠይቁት፣ የልማት ሠራተኛውንም ጠይቁት። የተማሪውን አባት ከጠየቃችሁ ደግሞ በደንብ ይነግሯችኋል።

"ይህ ሁሉ ለአንድ የትምህርት ዓይነት?" የሚል ይኖራል። ቁጥሩን እናንተ ታውቁታላችሁ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆኑ። ቀሪዎቹ የት ናቸው? ገሚሱ ከተማ ይገባል፣ ገሚሱ ድንበር ለመሻገር ይነሳል። ብዙው ግን ወደ ቤተሰቡ መሬት ይመለሳል። ለዚያ ልጅ ከአሥራ ሁለት ዓመት ትምህርቱ ውስጥ በማግሥቱ ማሳ ላይ የሚያወጣው እኔ የማስተምረው ነው። እዚያ ላይ የሰጠሁት የተሳሳተ መልስ በፈተና ወረቀት ላይ ኤክስ ሆኖ አይቀርም፤ ብድር ሆኖ ቤት ይገባል።

አሁን ደግሞ የምችለውን ያህል የሞከርኩትን ልንገራችሁ፤ አቤቱታ ብቻ እንዳይሆን።

ማሽላ ሲያፈራ የግሪሳ ወፍ ይመጣል። ያን ጊዜ ክፍሌ ይሳሳል። ልጆቹ ማማ ላይ ናቸው፤ ወንጭፍ ይዘው፣ ጅራፍ እያጮሁ ከንጋት እስከ ምሽት ወፍ ይጠብቃሉ። የመጀመሪያውን ዓመት ቀሪ እያልኩ ምልክት አደረግሁባቸው፤ ተቆጣኋቸውም። በኋላ አንድ ነገር አነበብኩ። በ1908 እ.ኤ.አ. ሩፈስ ስቲምሰን የሚባል ሰው በማሳቹሴትስ የግብርና ትምህርት ቤት ሲመራ፣ ተማሪዎቹ በቤተሰባቸው እርሻ ላይ የራሳቸውን ሥራ ይዘው እየመዘገቡ እንዲማሩ፣ መምህሩም እየዞረ እንዲያያቸው አደረገ። የቤት ፕሮጀክት ይባላል። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ የግብርና ትምህርት አንዱ እግሩ እሱ ነው።

እኔ ማሳ የለኝም ብዬ ስበሳጭ፣ ለካ የተማሪዎቼ ቤተሰቦች ማሳ ሁሉ ክፍሌ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ማማ ላይ ለሚውሉት ልጆች ሥራ ሰጠኋቸው። ወፉ በስንት ሰዓት ይመጣል? የትኛውን ማሽላ ያስቀድማል፣ ዘለላው የተከፈተውን ወይስ የታጨቀውን? ጎረቤት ቀድሞ የዘራው ምን ደረሰበት? ደብተር ይዘው መጡ። አንዳንዱ የጻፈውን ሳነብ፣ እዚህ ግቢ ለመመረቂያ ከጻፍኩት ከራሴ ወረቀት የተሻለ ነው ብዬ አፍሬያለሁ። ያኔ ነው የገባኝ፦ የግብርና መምህር ሁሉን ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ጥያቄ እንዴት እንደሚመረመር ግን ማሳየት አለበት። ይህም ሥልጠና ይፈልጋል። እኔ በአጋጣሚ ላይ ነው የወደቅኩት፤ የሚቀጥለው መምህር በአጋጣሚ ላይ መውደቅ የለበትም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ነገሮች አሉ። ብዙ አይደሉም።

ለመምህራኖቻችን፦ የእኛ ዩኒቨርሲቲ ከአለማያ በብዙ ዓመት ታናሽ ነው። የአለማያ ኮሌጅ ከኦክላሆማ ጋር በተደረገ ስምምነት በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲጀመር ግን ማስተማር፣ ምርምርና ኤክስቴንሽን ሦስቱም በአንድ ጣሪያ ሥር እንደ ነበሩ ሁላችንም ተምረናል። ኤክስቴንሽኑ በ1963 እ.ኤ.አ. ወደ ግብርና ሚኒስቴር ሄደ። እሱን መልሱ አልልም። አንድ ቅርንጫፉን ግን ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች መትከል ትችላላችሁ። የክረምት ሥልጠና ስታዘጋጁ አዳራሽ አትጥሩን። ሽንኩርቱ ማሳ ላይ ባለበት፣ ማሽላው ባፈራበት ወቅት አምስት ቀን ኑልን። የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ሸዋሮቢት ላይ የሙከራ ቦታ አለው፤ ከተመራማሪዎቹ ጋር ማሳ ለማሳ እንዙር። የእንስሳቱን ሰው ሰብል አሳዩት፤ የሰብሉን ሰው በግ አስይዙት። በግ ከሆነ እኔም አግዛለሁ። ያ አምስት ቀን ከ60 ሰዓቱ ላይ እንዲታሰብልን ከትምህርት ጽሕፈት ቤቶች ጋር ተነጋገሩልን።

ለማኅበራችን፦ በየዓመቱ ስንገናኝ ችግኝ እንተክላለን፣ መጽሐፍ እንለግሳለን፤ መልካም ነው። በዚህ ዓመት ግን ጊዜያችሁን ለግሱን። ከመካከላችን የዕፅዋት ጥበቃ ባለሙያ አለ፣ የእንስሳት ሐኪም አለ፣ የመስኖ መሐንዲስ አለ። አንድ ባለሙያ አንድ ትምህርት ቤት ይያዝ። መምህሩ የቅጠል ፎቶ በቴሌግራም ሲልክ በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ይስጠው፤ ካላወቀው ደግሞ ለሚያውቅ ያስተላልፍለት። ይኸው ነው። የተዘለለውን ትውልድ መመለስ አንችልም፤ እኛው ግን ለታናናሾቻችን ታላቅ መሆን እንችላለን።

እንደኔ በየቆላውና በየደጋው ለምታስተምሩ፦ የቀበሌያችሁን የልማት ሠራተኛ ተዋወቁ፤ ክፍላችሁም አስገቡት። የምታፍሩበት ነገር የለም። እኔ የማፍረው ቀድሜ ባለመተዋወቄ ነው።

ላብቃ። ያ ተማሪ፣ ቅጠሉን በደብተር ያመጣው፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ነጥብ አላመጣም። አሁን ከአባቱ ጋር ሽንኩርት ያለማል። ያ ከሆነ በኋላ ዳግም ይጠይቀኛል ብዬ አልገመትኩም ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ማታ ስልኬ ላይ ፎቶ ላከ። ሽንኩርት አይደለም፤ ማሾ ነው። ቅጠሉ ላይ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለ ቀለም አለ። ከሥሩ "ቲቸር፣ ይሄስ?" ብሎ ጽፏል።

እኔም "አላውቀውም፤ ጠይቄ እነግርሃለሁ" ብዬ መለስኩለት። "እሺ፣ እጠብቃለሁ" አለኝ።

ፎቶው ይኸው ስልኬ ላይ ነው። ምሳ ስንወጣ በሩ ላይ ደብተር ይዤ እቆማለሁ። ስማችሁን፣ ሙያችሁንና ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉልኝ። የዕፅዋት በሽታ የተማራችሁ ደግሞ እባካችሁ ቀድማችሁ ኑ፤ ልጁ እየጠበቀ ነው።